ሻንጣው ታስሮ የተጸለየ ጸሎት

በኪሴ ይዣት የሸሸሁት ቁልፍ የጣቴን ግማሽ አታክልም። የሰፈራችን ቅሬ ዕቃ ቤት ቁልፍ ናት። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ሥር ያለው የእኛ ቅሬ ወደ 140 አባወራ አለው፤ ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ድንኳን አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ለሐዘንተኛ ንፍሮ የሚቀቀልባቸው ትልልቅ ድስቶች አሉ፣ ሁለት ቃሬዛ አለ፣ ለከፈንም ለግንዝም የሚቀደድ አንድ ጣቃ አቡጄዲ አለ። አቡጄዲው ሲቀደድ የማን ሃይማኖት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሙያዬ ሒሳብ ስለሆነ ገንዘብ ያዥ አድርገው መረጡኝ። ቁልፏም አብራ መጣች።

በ2014 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ከቆቦ፣ ከወልድያና ከመርሳ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልቶ ነበር። በዚያ ሰሞን የቅሬው ዳኛ ቤታቸው አስጠሩኝ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው ልበል። ጀበናው ከሰል ላይ ነበር።

«ልጄ፣ ቀኑ ጥሩ አይደለም» አሉኝ። «አንተ ልጆች አሉህ። ከባሰ ይዘሃቸው ሂድ፣ ማንም አይወቅስህም። እኔ ጉልበቴም አይፈቅድልኝ፣ የትም አልሄድም። ብቻ ስትሄድ ቁልፉንና ገንዘቡን ሳትሰጠኝ እንዳትሄድ። ሰው እንደሁ ጦርነት መጣ ብሎ መሞቱን አይተውም።»

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው ሐጂ፣ ሳልሰጥዎ አልሄድም» አልኳቸው።

«አብሽር» አሉኝ። ይህን ቃል ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይለዋል። አይዞህ ማለት ነው፤ ግን ከአይዞህ ትንሽ ይሰፋል፣ የምሥራችም አለበት።

ጥቅምት 19 ቀን ዓርብ ማታ የመሣሪያው ድምፅ ከሰሜን በኩል ቀረበ። መብራት የለም። የባለቤቴ ወንድም የሚያውቀው አንድ ሹፌር በአይሱዙ ሊያወጣን ተስማምቶ ነበር፤ ቀጠሯችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ባለቤቴ ሻንጣውን አስራ በሩ ሥር አቆመችው። ልጆቹን ጫማቸውን እንዳደረጉ አስተኛናቸው። የትንሹ ልጄ ጫማ ከብርድ ልብሱ ጫፍ ወጥቶ ይታየኝ ነበር።

ወሩ ወርኃ ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የእመቤታችንን ስደት የምናስብበት ጊዜ። ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ራሱ የስደቱ ሥዕል ነው፦ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በአህያ ላይ፣ ዮሴፍ ከፊት፣ ሰሎሜ ከኋላ። 9 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ሥዕሉ ፊት ሻማ አበራሁና ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር? ንገረኝ» አልኩ።

ድምፅ አልሰማሁም። ልሂድ ወይስ ልቅር ለሚለው ጥያቄዬ ምንም መልስ አልመጣም። የመጣብኝ የሐጂ ፊት ነው፤ ቁልቁል የሚያየው ዓይናቸውና ያ «ሳትሰጠኝ እንዳትሄድ» የሚለው ቃላቸው። ቤታቸው ከእኛ ቤት ሽቅብ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ሁለት ሰዓት ነበረኝ። ወጥቼ፣ ሰጥቼ፣ ተመልሼ፣ ልጆቼን አንቅቼ ጊዜ ይተርፈኝ ነበር።

ሁለቱን ሰዓት ሻንጣው ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩት።

በመጀመሪያ ጨለማውን ፈራሁ። ከዚያ የባዘነ ጥይት ፈራሁ። ከዚያ ሌባ ነው ብለው ቢተኩሱብኝስ አልኩ። ሹፌሩ ከሰዓቱ ቀድሞ መጥቶ ባያገኘኝስ አልኩ። ይሄ ሁሉ ግልጽ ፍርሃት ነው፣ ስሙን አውቀዋለሁ። መጨረሻ ላይ የመጣው ግን ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ። «ሐጂ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ቢበረበር የቅሬው ገንዘብ ያልቃል። ይዤው ብወጣ ግን ይተርፋል፤ ለቅሬውም የሚበጀው ይሄ ነው» አለኝ ልቤ። ልቤ ወዲያው አረፈ። እንደዚያ ቶሎ ማረፉ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ዕረፍቱን የጸሎቴ መልስ አድርጌ ቆጠርኩት፤ ሥዕሉንም ተሳልሜ ሻማውን አጠፋሁ።

31,650 ብር በጋዜጣ ጠቅልዬ ከጃኬቴ ሥር፣ ቁልፏን በሱሪዬ ኪስ አድርጌ ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ወጣን። ሐረጎን ስንወርድ መንገዱ ሰው በሰው ነበር። ፍራሽ የተሸከመ፣ በግ የሚጎትት፣ እናቱን ያዘለ። በየጠመዝማዛው መኪናው ባጋደለ ቁጥር ቁልፏ ጭኔን ትወጋኛለች። ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን አልፈን፣ ጣርማበርን ወጥተን ማታ ደብረ ብርሃን ገባን።

ደብረ ብርሃን የተከራየናት ክፍል መስኮት ላይ ባለቤቷ መጽሐፍ ቅዱስ ትተው ነበር። ብርዱ እንቅልፍ ስለማያስተኛ ሌሊት ሌሊት አነበዋለሁ። የስደቱ ወር ነውና ወደ ግብፅ የሄዱትን ሰዎች አንድ በአንድ ስፈልግ ኤርምያስ 42 ላይ ደረስኩ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሁለት የግብፅ ስደቶች በአእምሮዬ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ኢየሩሳሌም ወድቃለች። ባቢሎናውያን የሾሙት ጎዶልያስ ተገድሏል። የተረፈው ሕዝብ፣ በቃሬያ ልጅ በዮሐናን መሪነት፣ የባቢሎን ንጉሥ ለሹሙ ደም ይበቀለናል ብሎ ይሸሻል። የሰፈሩት በቤተ ልሔም አጠገብ ነው፤ አሳባቸው ግብፅ መግባት ነው። እዚያ ሆነው ከትንሽ እስከ ትልቅ ወደ ኤርምያስ ቀርበው ጸልይልን አሉት። መልካምም ቢሆን ክፉም ቢሆን የእግዚአብሔርን ቃል እንሰማለን ብለው ማሉ። መልሱ የመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው፦ በዚህ ምድር ብትቀመጡ እሠራችኋለሁ፣ የባቢሎንን ንጉሥ አትፍሩት፣ እኔ ከእናንተ ጋር ነኝ፤ ወደ ግብፅ ብትገቡ ግን የምትፈሩት ሰይፍ እዚያው ያገኛችኋል። እነሱም ኤርምያስን ሐሰት ትናገራለህ አሉት። ተነሥተው ሄዱ፤ ነቢዩንም ይዘውት ወረዱ።

ዮሴፍም የተነሣው ከዚያችው ከቤተ ልሔም ነው። የሄደውም ወደዚያችው ግብፅ። የወጣውም በሌሊት፣ ከሚገድል ንጉሥ ሸሽቶ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ስደቶች አንድ ናቸው፦ ጓዝ፣ ጨለማ፣ የሚያለቅስ ሕፃን። ዮሴፍ ግን «እስክነግርህም ድረስ በዚያ ተቀመጥ» ተብሎ ነው የሄደው። ሲሄድም ታዝዞ፣ ሲቀመጥም ታዝዞ፣ ሲመለስም ታዝዞ ነው።

እነ ዮሐናንን ለመውቀስ አልቸኩልም። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ የባቢሎን ሹም ተገድሎ ንጉሡ ዝም ይላል ብሎ የሚያስብ ማን ነው? በጥያቄያቸውም ያጭበረበሩ አይመስለኝም፤ ሲምሉ ከልባቸው የማሉ ይመስለኛል። ችግሩ ሲጠይቁ የቆሙበት ቦታ ነው። ወደ ግብፅ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰፍረው፣ ጓዛቸውን ሳይፈቱ፣ ልንሄድ ነውና መንገዱን ባርክልን ዓይነት ጥያቄ ነው የጠየቁት። ያን አሥር ቀን ሳስበው ይጨንቀኛል። እግዚአብሔር ለፈራ ሰው አልቸኮለም። አሥር ቀን ሙሉ ከፍርሃታቸው ጋር አስቀመጣቸው፤ እነሱ ግን በአሥሩ ቀን ውስጥ አንዲት ጆንያ የፈቱ አይመስለኝም።

እኔም ሻንጣው ታስሮ ነው የጸለይኩት። ጸሎቴን ሐሰት ነበር አልልም፤ ዕንባዬ እውነተኛ ነበር። ግን መልሱ «ሻንጣውን ፍታ» ቢሆን ኖሮ እሰማ ነበር ወይ? የመጣልኝ መልስ ከዚያ እጅግ የቀለለ ነበር። ቅር እንኳ አልተባልኩም። ቁልፏን አድርስ ነው የተባልኩት፤ ያንንም አልሰማሁም። እስከዚያች ሌሊት ድረስ በመከራ ጊዜ መታዘዝ ሲባል የሰማዕታት ነገር፣ አንገት ለሰይፍ መስጠት ይመስለኝ ነበር። የተጠየቅሁት አንዲት ዳገት ነበረች።

ኅዳር 27 ደሴና ኮምቦልቻ በመንግሥት እጅ መግባታቸው ተነገረ፤ እኛም ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። ልጆቹን ቤት አስገብቼ ያንኑ ጋዜጣ እንደያዝኩ ሽቅብ ወጣሁ። ሐጂ ከስተዋል፤ ቢሆንም ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ገንዘቡን ከፊታቸው አስቀመጥኩ። አልቆጠሩትም። ቁልፏን ከላዩ ላይ አኖርኳት።

አነሷትና መዳፋቸው ላይ አገላበጧት። «ይቺ ለየትኛው በር ናት ልጄ?» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። ሊነግሩኝ ስላልቻሉ እንጂ ሊነክሱኝ ብለው እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ከቤታችን ቀጥሎ ያሉ አንዲት እናት ነበሩ፤ እማማ ነበር የምላቸው። እናቴ በታመመችበት ዓመት ትምህርት ቤት ያደረሱኝ፣ ምሳዬን ያበሉኝ እሳቸው ናቸው። ስኳር ነበረባቸው፣ መድኃኒታቸው አለቀ። በኅዳር ሚካኤል ማግስት ዐረፉ። ሰፈሩ ውስጥ የቀረው ሰው ጥቂት ነው። ቃሬዛውም አቡጄዲውም ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ደብረ ብርሃን፣ በኪሴ ውስጥ ነው። ሐጂ በዚያ ዕድሜያቸው ድጅኖ ይዘው በሩን ገነጠሉት። ቆርቆሮው በተመታ ቁጥር የእማማ ልጅ ከእናቷ አስከሬን አጠገብ ሆና ትሰማ ነበር። አራት ሰው ተሸክሞ ቀበራቸው፤ ከአራቱ ሦስቱ ሙስሊሞች ናቸው።

በሩ ማጠፊያው ስለተነቀለ ከዚያ በኋላ አልተዘጋም። በሳምንቱ ድስቶቹ፣ ወንበሮቹ፣ ድንኳኑ የሉም። ማን እንደወሰዳቸው የሚታወቅ ነገር የለም። ይዤው የዞርኩት 31,650 ብር ሳይጎድል ተመለሰ፤ የጠፋው ዕቃ ግን ቢገዛ የዚያን አምስት እጥፍ ይፈጃል። ዘረፋ ፈርቼ ይዤ በሄድኩት ቁልፍ ምክንያት ነው በሩ ለዘረፋ ክፍት የሆነው። ያንን የኤርምያስ ቃል ያን ዕለት ዳግመኛ አላነበብኩትም። ማንበብ አላስፈለገኝም።

ዕቃው በኋላ በመዋጮ ተገዝቷል። የእማማ ልጅ የሰማችውን የድጅኖ ድምፅ ግን የምተካበት ነገር የለኝም። ሄጄ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አነሣችኝ፣ አብረን አለቀስን፣ ቡና አፈላች። ይቅር ብላኛለች። ቢሆንም በእነሱ በር ሳልፍ ዛሬም እርምጃዬ ይለወጣል።

በቅሬው ስብሰባ ላይ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የሁለቱን ሰዓት ነገር ጭምር። አንዱ «ይቅር፣ ሁላችንም ፈርተን ነበር» አለ። አንዲት ሴት ከኋላ ሆና «እኛም ፈርተን ነበር፤ ግን ቁልፍ አልያዝንም» አለች። የሴትዮዋ ንግግር ትክክል ነው። በሩን በራሴ ወጪ እንዳሠራ፣ ገንዘብ ያዥነቱንም ለሌላ ሰው እንዳስረክብ ተፈረደ፤ ፍርዱም ትክክል ነው።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አያቴ አምባሰል ገበሬ ነበሩ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጎረቤታቸው በሰፈራ ወደ ወለጋ ሲሄድ አንድ ስልቻ የዘር ጤፍ አደራ ብሎ ሰጣቸው። ቤቱ ውስጥ ሌላ እህል አልነበረም። ሴት አያቴ ስልቻውን ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይተኙ እንደነበር ነግረውናል። አልተነካም። ደርግ ወድቆ ሰውየው ሲመለስ ስልቻው ከነማሰሪያው ተሰጠው። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ በኩራት ሳወራው ኖሬያለሁ፤ በሠርግ ላይ፣ በለቅሶ ላይ፣ ለልጆቼም። ሲያወሩት ደም ውስጥ የሚተላለፍ ይመስላል። አያቴ ያንን ስልቻ በየማለዳው፣ ሲርባቸውም ሲፈሩም፣ እንደገና ላለመንካት መወሰን እንደነበረባቸው የገባኝ የእኔን የቁልፍ አደራ ካጎደልኩ በኋላ ነው።

ከተመለስን በኋላ ከተማው ውስጥ አንድ ንግግር መጥቶ ነበር፤ የቀሩት በእምነት ቀሩ፣ የሄዱት ከእምነት ማነስ ሄዱ የሚል። በአንድ ስብከት ላይም ሰምቼዋለሁ። አልቀበለውም። ልጆቹን ይዞ የወጣ አባት ዮሴፍ የሠራውን ሠርቷል። ከቀሩትም መካከል የሚሄዱበት አጥተው የቀሩ፣ ንብረታቸውን ፈርተው የቀሩ አሉ። ከእግሩ አቅጣጫ ተነሥቶ የሰውን እምነት መለካት አይቻልም። እኔ የበደልኩት ደብረ ብርሃን ስለሄድኩ አይደለም፤ ሐጂ ራሳቸው ሂድ ብለውኝ ነበር።

ፍርሃትም በራሱ ኃጢአት አይመስለኝም። ዮሴፍ ከግብፅ ሲመለስ አርኬላዎስ በአባቱ ፈንታ በይሁዳ መንገሡን ሰምቶ ወደዚያ መሄድ ፈራ ይላል ወንጌሉ። ሦስት ጊዜ በሕልም የተመራ ጻድቅ ሰው ፈራ። ፍርሃቱንም የሚወቅስ ቃል አልተጻፈም፤ እንደገና በሕልም ተነገረው፣ ወደ ገሊላም ሄደ። በእግዚአብሔር መታመን ማለት ጉልበቴ የማይንቀጠቀጥበት ቀን መድረስ ይመስለኝ ነበር፤ ያ ቀን እስኪመጣ ድረስም መታዘዜን አቆይ ነበር። ለእነ ዮሐናንም የተሰጠው ተስፋ ባቢሎን አይመጣም የሚል አልነበረም፤ እኔ ከእናንተ ጋር ነኝ የሚል ነው። በዚያ ላይ መቆም ይከብዳል። ለእኔ አሁንም ይከብደኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቅሬው ገንዘብ ያዥነቱን መለሰልኝ። እምቢ ብዬ ነበር፤ ሐጂ «አብሽር፣ ያዝ» አሉኝ፣ ያዝኩ። አዲሷ ቁልፍ ከፊተኛዋ ትበልጣለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ማታ መጥፎ ወሬ መጣ። እነማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ ሁሉም የተለያየ ነገር ይላል። ሱቆች ቀድመው ተዘጉ። ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አወጣች። «ቆይ፣ አትሰሪው» አልኳት። ቁልፏንና የወሩን መዋጮ ይዤ ወጣሁ። ጨለማው ያው ጨለማ ነው፣ ውሻውም ያው ውሻ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ዳገቱን «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» እያልኩ ወጣሁት፤ ከዚያ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ሐጂ በሩን ከፍተው «ምነው፣ ሰው ሞተ?» አሉኝ።

«አይ ሐጂ፤ ምናልባት ሌሊቱን ብሄድ ብዬ ነው።»

ገንዘቡን ቆጠሩት። ቁልፏን ተቀብለው በመሐረባቸው ጫፍ ቋጠሯትና ወደ ውስጥ አመለከቱኝ።

«ግባ፣ ቁጭ በል፤ ገና አቦሉ ነው።»

ቶናውንም በረካውንም ጠጥቼ ወረድኩ።